ቅንጭቡን ማን ይቁረጠው

ለሠላሳ አንድ ዓመት አባቴን ያሳወርኩት እኔ ነኝ ብዬ አምን ነበር። ለማንም ትንፍሽ ብዬ አላውቅም። ሆድ ይፍጀው ይላሉ፤ ሆዴም ፈጀው። ባለፈው ወር ግን ነገሩ እኔ እንዳሰብኩት እንዳልነበረ አወቅሁ፤ ማወቄም እፎይ አላሰኘኝም። ሁሉም የተጀመረው ጓሯችንን ማን ያጽዳው በሚል ክርክር ስለሆነ እኔም ከዚያው ልጀምር።

ዘጠኝ ዓመቴ ነበር። ቤታችን ከፊት ለፊት ለሚያየው ሰው የጨዋ ቤት ነው፤ በሩ ቀለም የተቀባ፣ ደረጃው የተጠረገ፣ መስኮቱ የተወለወለ። ከኋላው ግን ጫካ ነበር። ከእኛ በፊት የነበሩት ሰዎች ለአጥር ብለው ቅንጭብ ተክለዋል፤ ማንም ሳይከረክመው ኖሮ ከጣሪያችን በላይ ወጥቷል። ቅንጭብ ቅጠል የሚባል ነገር እምብዛም የለውም። ጣት የሚያካክሉ አረንጓዴ በትሮች ብቻ ናቸው፣ አንዱ ከሌላው ላይ እየበቀለ የሚሄድ። ሲሰበር ነጭ ወተት ይተፋል፤ ወተቱ የነካው ቆዳ ይለበለባል። በቅንጭቡና በቤቱ መካከል ያለውን ቦታ አረም፣ እሾህና ሐረግ ሞልተውት ነበር። ከሰዓት በኋላ ንፋስ ሲነሳ በትሮቹ እርስ በርስ ይፋተጋሉ፤ ድምፁ ሰዎች ልጅ እንዳይሰማቸው በሹክሹክታ ሲጣሉ ይመስላል።

እኔ ቅንጭቡ ወደ ቤታችን እየመጣ እንደሆነ እርግጠኛ ነበርኩ። ማስረጃም ነበረኝ። ከልብስ ማስጫው ምሰሶ እስከ ቅንጭቡ ድረስ አምና በእርምጃ ስለካው አሥራ ሁለት ነበር፤ ዘንድሮ ዘጠኝ ሆነ። በሦስት ዓመት ውስጥ መኝታ ክፍሌ መስኮት ላይ እንደሚደርስ አስልቼ ደብተሬ ላይ ጽፌያለሁ። እግሬ መርዘሙን ያሰላልኝ ሰው አልነበረም።

አባቴ ሰዓት ጠጋኝ ነበር። የሚሠራው እቤት፣ በፊተኛው ክፍል መስኮት ሥር ነው። አንድ ዓይኑ ላይ ማጉያ መስታወቱን ሰክቶ፣ ከቁንጫ የምታንስ ብሎን በወረንጦ አንስቶ ቦታዋ ላይ ሲያስቀምጣት እጁ ቅንጣት አይንቀጠቀጥም። ሌሎች ሰዓት ጠጋኞች ያቃታቸውን ሁሉ ወደ እሱ ይልኩ ነበር። ከዓይኑ የሚያመልጥ ነገር የለም ይሉታል፤ እኔም አምን ነበር።

እኔና እሱ አንድ ጨዋታ ነበረን። ከወንበሩ በስተቀኝ፣ ክንዴን ብዘረጋ የምነካው ቦታ ላይ፣ ድምፄን አጥፍቼ እቆማለሁ። አያየኝም። ምላሴን አወጣበታለሁ፤ አያየኝም። ጥቂት ቆይቼ "አለሁ!" ስል ክው ይላል፤ ከዚያ ደረቱን ይዞ ይስቃል። "አንቺ ሚጢጢ፣ ልትገድይኝ ነው?" ይለኛል። እንደ እሱ አስመሳይ የለም እያልኩ እገረም ነበር። ያንን ጨዋታ ብቻዬን ስጫወት እንደነበር ያወቅሁት ባለፈው ወር ነው።

ሌላም ሌላም ነገር ነበር። ሻይ ሲቀዳ ከብርጭቆው ጎን ያፈሳል። በር ሲያልፍ ትከሻውን ይገጫል። እናቴ እሱ ከመነሳቱ በፊት ከመተላለፊያው ባልዲና ወንበር ማንሳት ልማድ አድርጋዋለች። እህቴ "አባባ ሲያስብ አያይም" ትላለች፤ እኔም ብዙ የሚያስብ አባት ስላለኝ እኮራ ነበር። አንዳንዴ ከሥራ ጠረጴዛው መሳቢያ ትንሽ ጠርሙስ ያወጣና ጣሪያውን ቀና ብሎ እያየ ዓይኑ ውስጥ ጠብ ያደርጋል። የሰዓት ዘይት መስሎኝ ነበር። ሰዓት ዘይት ከፈለገ ዓይንም ቢፈልግ ምን ይገርማል?

እህቴ በአሥራ ሦስት ዓመት ትበልጠኛለች። በዚያ ዓመት ታጭታ ነበር፤ ሠርጉም በእኛ ጓሮ እንዲሆን ተወሰነ። የእጮኛዋ እናት ቤቱን ልታይ መጣች። ረጅም ናት፤ ቀስ ብላ ትናገራለች፤ የጠየቀችውን እስኪመልሱላት ድረስ ዓይኗን ከሰው ላይ አትነቅልም። ጓሮውን በመስኮት አየችና "ይኼ እንግዲህ ይጸዳል" አለች። ከዚያ ተቀመጠች፤ ሻይ ቀረበላት።

"አባትዎ ዓይናቸውን ያጡ ነበሩ አሉ" አለችው አባቴን።

"እርጅና ነዋ" አለ አባቴ።

"ስንት ዓመታቸው ነበር?"

እናቴ የስኳሩን ዕቃ እንደያዘች ቆመች። አባቴ ብርጭቆውን አስቀመጠ። "የድሮ ሰው ዕድሜውን መች ይቆጥራል ብለው ነው" አለ።

"እንዲያው ነው የምጠይቀው። ልጅ ሲዳር ዘር ይጠየቃል። ቅር እንዳይልዎት፤ የልጅ ልጆቼ ነገር ነው" አለችና ጓሮውን እንደገና አየችው። ስትሄድ ሻይዋ እንዳለ ነበር። እኔ ጓሮው አስጠልቷት እንደሆነ ገባኝ፤ እህቴ በቅንጭቡ ምክንያት ሳትዳር ልትቀር ነው ብዬ ቅንጭቡን በድንጋይ ወገርኩት።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ቤታችን ውስጥ ሌላ ወሬ አልነበረም። ራሳችን እናጽዳው ወይስ ሰው እንቅጠር? እናቴ ሰው ይቀጠር ባይ ነበረች። አባቴ፣ በሕይወቱ ማጭድ ጨብጦ የማያውቀው ሰው፣ እኔ ራሴ እሠራዋለሁ አለ። "አሁን ደግሞ ቆጣቢ ሆነልን" ብላ ሳቀች ጎረቤታችን። ይህች ጎረቤታችን ሬዲዮ ትባላለች። በአጥሩ ላይ አንገቷን አስግጋ የሰማችውን ከመምሸቱ በፊት ለሰፈሩ ታዳርሳለች፤ ባትሪም አትጨርስም። አባቴ እሷን ሲያይ መንገድ ይቀይር ነበር።

እናቴ አልተዋጠላትም። ጓሮ የሚያጸዳ ድርጅት ፈልጋ አንድ ሰው አስመጣች። ለእኔ ስሙ መንጣሪው ነው። አጭርና ሰፊ፣ አፉ ውስጥ ሁልጊዜ ሣር የሚያኝክ፣ ክንዱ ላይ ቃጠሎ የመሰለ ጠባሳ ያለው ሰው። ጓሮውን ከዳር እስከ ዳር ዞረው፤ በዱላው እየነካካ፣ እየጎነበሰ፣ ምንም ሳይናገር። ከዚያ እናቴና አባቴ ወደቆሙበት ተመለሰ።

"አረሙንና ሐረጉን ራሳችሁ ሥሩት፤ ለእሱ ሰው መቅጠር አያስፈልግም" አለ። "ቅንጭቡን ግን ለእኛ ተዉት። ቅንጭብ እንደ ሌላ እንጨት አይቆረጥም። ንፋሱ ከጀርባ መሆን አለበት። ከላይ እየቀነስክ ትወርዳለህ እንጂ ከሥር አትመታውም፤ ከሥር ከመታኸው ወተቱን ይዞ አናትህ ላይ ነው የሚመጣው። የሚቆርጥ ሰው ሽቅብ አያይም። የተቆረጠውም ሦስት ሳምንት መሬት ላይ ሳይደርቅ እጅ አይነካውም።"

አባቴ በጥሞና ሰማው። "ዓይን ውስጥ ቢገባስ?" አለ።

"ያቃጥላል። ፊት ያብጣል። ቶሎ ካልታጠበ ብርሃን ይወስዳል።"

"ሁለቱንም?"

"ከገባበት ሁለቱንም።"

"ቆዳ ላይ ብቻ ከሆነስ? ሽፋኑ ላይ?"

መንጣሪው ሣሩን ካፉ አወጣ። "ጋሼ፣ ይኼን ያህል ከፈሩት ለምን ለእኛ አይተዉልንም? እርስዎ እንጀራዎ ዓይንዎ ነው። አንድ ዓይና በአፈር አይጫወትም ሲባል አልሰሙም?"

እንዲያው ለተረቱ ነው ያለው። እናቴ ግን ጥፊ የቀመሰች ይመስል ፊቷ ተለወጠ፤ ነጠላዋን ወደ አፏ ሰበሰበች። አባቴ ሳቀ። እኔ አባቴ ስለፈራ አዘንኩለት። ዛሬ ያንን ድምፁን ሳስታውሰው የፈራ ሰው ድምፅ አልነበረም። ገበያ ወጥቶ ዕቃ አገላብጦ የሚያይ ሰው ድምፅ ነበር።

መንጣሪው ልቡ አላመነም መሰለኝ፣ ሊሄድ ሲል ከቦርሳው አንድ ትልቅ የፕላስቲክ መነጽር አወጣ፤ ዙሪያውን ጎማ ያለው፣ በላስቲክ ከጭንቅላት ጋር የሚታሰር። "እምቢ ብለው ከገቡበት ቢያንስ ይኼን ያድርጉ። ስመጣ ይመልሱልኛል" ብሎ ለአባቴ ሰጠው።

በማግስቱ እሑድ ከሰዓት በኋላ እርምጃዬን ልለካ ወደ ልብስ ማስጫው ስሄድ የወጥ ቤቱ መስኮት ክፍት ነበር። እናቴና አባቴ ያወራሉ። ተደበቅሁ ማለት አይቻልም፤ ተቀመጥኩ እንጂ።

"ሰው እንቅጠር" ትላለች እናቴ። "እባክህን። ይኼን ነገር ተወው።"

"ሰው ከቆረጠው ምን ዋጋ አለው?"

"ሌላ መላ እንፈልጋለን።"

"ሁለት ዓመት ፈለግን እኮ። ሴትዮዋ ወር ሳይሞላ ተመልሳ ትመጣለች። ያን ጊዜ ምን ልትያት ነው?"

"እውነቱን።"

"እውነቱን ንገሪያትና ልጅሽን ቤት አስቀሪያት። እህቴን አላየሻትም?"

እናቴ አለቀሰች። የሰሃን ድምፅ ቆመ። "ትንሿስ?" አለች።

"ትንሿ ገና ልጅ ናት። ለእሷም የሚበጃት ይኸው ነው።"

"የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል" አለች እናቴ፤ ከዚያ በኋላ ቧንቧው ተከፈተና ምንም አልሰማሁም።

ትንሿ እኔ እንደሆንኩ ገባኝ። ሌላውንም የተረዳሁ መስሎኝ ነበር። አባቴ ጓሮውን በራሱ እጅ ካላጸዳ በሴትዮዋ ፊት ይዋረዳል፤ እኔም ልጅ ስለሆንኩ ሥራው ላይ አልገባም ማለት ነው። ይሄ ደግሞ አናደደኝ፤ አረም መንቀል እችል ነበርና። ሁለት ሰዎች ስለ ጓሮ ሲከራከሩ ስለ ጓሮ አይደለም ብሎ የሚጠረጥር የዘጠኝ ዓመት ልጅ የት አለ?

ሳምንቱን ሙሉ ሠራን። አባቴ ጠዋት ጠዋት ሰዓቶቹን ትቶ ማጭድ ያነሳል፤ እናቴ ትሰበስባለች፤ እህቴ በጓንት እሾህ ትጎትታለች፤ እኔም በመጨረሻ ተፈቅዶልኝ ቅጠል እሸከም ነበር። የታጨደ አረም ሽታ ልብሳችን ላይ ቀረ። ከሐረጉ ሥር የእባብ ቆዳ አገኘን፤ እህቴ ጮኸች፣ ሬዲዮም ከአጥሩ ማዶ አብራት ጮኸች። አባቴ የአረሙን ጋሪ እየገፋ ሄዶ ከልብስ ማስጫው ምሰሶ ጋር ተላተመ። "ማነው ደግሞ እዚህ ያቆመው?" አለ። ምሰሶው ቤቱ ከተሠራ ጀምሮ እዚያው ነበር። እኛ ሳቅን። እናቴ አልሳቀችም፤ ሬዲዮ አይታ እንደሆነ ወደ አጥሩ ዞራ ተመለከተች።

ዓርብ ዕለት ሁሉም አልቆ ቅንጭቡ ብቻውን ቀረ። አረሙ ሲነሳለት ይበልጥ ረዘመ። ሥሩ ግራጫና ወፍራም ነው፤ በመሃሉ ጨለማ ነበር፣ ቀትር ላይ እንኳ።

ያን ቀን ነው ጥፋቴን የሠራሁት። መነጽሩ የመተላለፊያው ምስማር ላይ ተሰቅሎ ነበር። ማንም ሳያየኝ ወስጄ የልብስ ማጠቢያውን ሳፋ ውሃ ሞላሁና ፊቴን ነከርኩ። ከውሃ ሥር ሁሉም ነገር ጥርት ብሎ ይታያል፤ ጣቶቼ፣ የሳፋው ጭረት፣ የወደቀ ቁልፍ። ሳወልቀው ላስቲኩን በኃይል ሳብኩትና ተበጠሰ። በበጠስኩት ላይ ልጠግነው ብዬ የማሰሪያውን ቀዳዳም ሰነጠቅሁት። ከአልጋዬ ሥር ደበቅሁት።

ቅዳሜ ጠዋት አባቴ ረጅም እጅጌ ሸሚዝና የቆዳ ጓንት አድርጎ፣ ገጀራውን ይዞ መተላለፊያው ላይ ቆመ። "መነጽሩን ያየ ሰው አለ?" አለ ጮክ ብሎ።

እህቴ አላየሁም አለች። እናቴ ብርጭቆ ትሰበስብ ነበር። እኔ ቁርሴን እያኘክሁ ነበር። ዝም አይነቅዝም ይላሉ፤ እኔም ዝም አልኩ።

"እንግዲህ ከሌለ የለም" አለና ወጣ። አሁን ሳስበው አንድ መሳቢያ እንኳ አልከፈተም። ሰዓት ለመጠገን አንዲት ብሎን ስትጠፋበት ምንጣፍ ገልብጦ የሚፈልግ ሰው ነበር።

እናቴ እህቴን ሱቅ ላከቻት። ከዚያ ያንኑ ሳፋ አጠበችና ንጹሕ ውሃ ሞላችው። ሦስት ነጭ ፎጣ አጥፋ በጎኑ ደረደረች። ወንበር አምጥታ ሳፋው አጠገብ ተቀመጠችና የጓሮውን በር ማየት ጀመረች። ገላ ልታጥበኝ ነው ብዬ ፈርቼ ጠረጴዛው ሥር ገባሁ። ከውጭ የገጀራው ድምፅ ይሰማል፤ ቸብ፣ ቸብ፣ ከዚያ የሆነ ከባድ ነገር ይወድቃል። ገጀራው ቆመ። ለረጅም ጊዜ ምንም ድምፅ አልነበረም። ሰው ያልቆሰለበትን ቁስል ለማጠብ ውሃ አስቀድሞ ይሞላል? እኔ ይህን ለመጠየቅ ሠላሳ አንድ ዓመት ፈጀብኝ።

"ኸረ ዓይኔን! ዓይኔን! ቅንጭብ ነው!" የሚል ጩኸት መጣ። የመጣው ግን ከሬዲዮ አጥር በኩል ነው። አባቴ መጀመሪያ ወደ ቤት ሳይሆን ወደ እሷ ነበር የሄደው። ሬዲዮ እሪ አለች፤ ሰፈሩ ተሰበሰበ። አባቴ ከዚያ በኋላ ነው እጁን ዘርግቶ፣ ፊቱ በነጭ ወተት ተዥጎርጉሮ በጓሮው በር የገባው። እናቴ ጭንቅላቱን ሳፋው ላይ አጎነበሰችና ሳትጮህ፣ ሳታለቅስ፣ ደግማ ደጋግማ አጠበችው። እኔ ጠረጴዛው ሥር ሆኜ ሱሪዬ ላይ ሸናሁ።

ከሐኪም ቤት ሲመለስ ሁለቱም ዓይኖቹ በፋሻ ታስረው ነበር። ፊቱ አብጦ የሌላ ሰው ፊት መስሏል። በዚያኑ ቀን መነጽሩን ከአልጋዬ ሥር አውጥቼ ሊቃጠል የተከመረው አረም ውስጥ ቀበርኩት። ሰኞ ዕለት ክምሩ ሲቃጠል ጥቁር ጭስ ወጣ፤ ማንም ምን እንደሆነ አልጠየቀም።

የእህቴ አማት የምትሆነው ሴት በሳምንቱ መጣች። አባቴ አጠገብ ተቀምጣ እጁን ይዛ አለቀሰች። "ምን ዓይነት መከራ ነው? በገዛ ጓሮዎ! ለልጄ ሠርግ ሲሉ!" ትላለች። ስለ ዘር የጠየቀ ሰው አልነበረም። ቅንጭቡን የጨረሰው መንጣሪው ነው፤ ሁለት ሠራተኞች ይዞ መጥቶ በአንድ ቀን አወረደው። የአባቴን ፊት ቀርቦ አየና እናቴን ወደ ጎን ጠራት። "ሥራዬ ነው፣ ብዙ አይቻለሁ። በሁለቱም ዓይን ላይ እኩል የገባ ግን አይቼ አላውቅም" አላት። እናቴም "ዕድላችን ነው" አለችው። እሱም ራሱን ነቀነቀና መነጽሩን ሳይጠይቅ ሄደ።

ሠርጉ አማረ። አባቴ ጥቁር መነጽር አድርጎ ተቀመጠ። ሰው ሲገጭ፣ ብርጭቆ ሲደፋ፣ ሁሉም "አይዞህ" ይለዋል። ፋሻው ሲወልቅ ትንሽ ትንሽ ያይ ነበር፤ ጠብታውንም አሁን በግልጽ፣ በሰው ፊት ያደርጋል። "የቅንጭብ ወተት ተንኮለኛ ነው፣ ቀስ ብሎ ነው የሚሠራው" እያለ አራት ዓመት ሙሉ ብርሃኑ እየጠበበ ሄደ። በአራተኛው ዓመት ወረንጦውን ሳጥን ውስጥ አስገብቶ ዘጋው። እኔ አሥራ ሦስት ዓመቴ ነበር። ከዚያን ቀን ጀምሮ እስኪሞት ድረስ መንገድ የመራሁት እኔ ነኝ። ጋዜጣ አነብለታለሁ፣ ጥፍሩን እቆርጥለታለሁ። ሌላ ከተማ ትምህርት ሲደርሰኝ አልሄድም አልኩ። ትዳርም ሲመጣ አባቴን ማን ይይዘዋል አልኩ። ሰው "እንዲህ ያለች ልጅ ይስጥህ" ይለው ነበር። ዕዳዬን እንደምከፍል የሚያውቅ አልነበረም። እወደው ነበር፤ ግን ሁልጊዜ እፈራው ነበር፣ አንድ ቀን ዞር ብሎ መነጽሩን ይጠይቀኛል እያልኩ።

ባለፈው ወር መኪናዬን ከቤቴ በር ጋር ለሦስተኛ ጊዜ አጋጨሁ። ጓደኛዬ እየሳቀች ዓይንሽን ታዪ አለችኝ። ታየሁ። ሐኪሟ ወጣት ናት፤ ረጅም ሰዓት መረመረችኝ፣ በመሣሪያ ፊት አስቀምጣ መብራት ባየሁ ቁጥር ቁልፍ አስጫነችኝ። ብዙ ጊዜ ቁልፉን ሳልጫን ተቀመጥኩ፤ መብራት የበራ አልመሰለኝም ነበር።

"ከቤተሰብዎ ዓይኑን ያጣ ሰው አለ?" አለችኝ።

"አባቴ። እሱ ግን የቅንጭብ ወተት ገብቶበት ነው።"

"በአንዴ ጠፋ?"

"ቀስ በቀስ። አራት ዓመት ፈጀ።"

እስክሪብቶዋን አስቀመጠች። "ከዚያ በፊት ነገር ይገጭ ነበር? ከጎን የቆመ ሰው ይስተው ነበር?"

ከልብስ ማስጫው ምሰሶ ጋር መላተሙን ነገርኳት። ግላኮማ ነው አለችኝ። ከዳር ጀምሮ እየጨለመ ወደ መሃል የሚመጣ፣ ሕመም የሌለው፣ ከወላጅ ወደ ልጅ የሚወርድ። የቀኙ ዓይኔ አብዛኛው ሄዷል፤ የግራው ግማሹ። የሄደው አይመለስም፤ በጠብታ የቀረውን ለማቆየት እንሞክራለን አለችኝ። "ምነው ከአሥር ዓመት በፊት በመጡ" አለች። ተግሣጽ አልነበረም፤ እንዲያው አምልጧት ነው።

በቀጥታ እናቴ ጋ ሄድኩ። ጓሮው ዛሬ ሲሚንቶ ነው፤ እዚያ ወንበር አውጥታ ልብስ ታጥፍ ነበር። ሐኪሟ ያለችውን ስነግራት የያዘችውን አንሶላ ጭኗ ላይ አስቀመጠች።

"አያትሽ በአርባ ሁለት ዓመታቸው ነው የታወሩት" አለች። "አክስትሽ በዚሁ ምክንያት እጮኛዋ ትቷት ሳታገባ ቀረች። አባትሽ ያንን አይቶ ነው። ለእናንተ ብሎ ነው።"

"ወተቱስ?"

"ዓይኑን ጨፍኖ ሽፋኑ ላይ ቀባው። ውስጥ አልገባም። እኔ ወዲያው አጠብኩት። ሰው እንቅጠርና ይቅር ብዬ ስንት ለመንኩት!"

በዚያች ደቂቃ የተሰማኝን በደንብ ልናገር። ደስ አለኝ። አፍሬ ነው የምናገረው፤ ዓይኔ እየጠፋ፣ አባቴ ዋሽቶኝ፣ ደስ አለኝ። "እኔ እኮ መነጽሩን የደበቅሁት እኔ ነበርኩ" አልኳት፤ ሠላሳ አንድ ዓመት የተሸከምኩትን በአንድ ትንፋሽ።

እናቴ ግራ ተጋብታ አየችኝ። "የቱን መነጽር?" አለች።

ነገርኳት። ሳፋውን፣ ላስቲኩን፣ አልጋውን። ቀስ ብሎ ትዝ አላት። "ኸረ እሱ! አባትሽ ሊሰብረው አስቦ ሲያጣው፣ እሰይ አለ እንጂ ማን ፈለገው?" አለችና እጄን ያዘችው። ከዚያ የሆነ ነገር የገባት መሰለኝ፤ ጣቶቿ ጠበቁ። "ቆይ፣ አንቺ ይኼን በሽታ ዛሬ ነው የሰማሽው? እህትሽ አልነገረችሽም?"

ስልኬን አወጣሁ። እህቴ አነሳች፤ ከጀርባዋ ቴሌቪዥን ይሰማል።

"እትዬ፣ የአባባን ዓይን ነገር ታውቂ ነበር?"

ቴሌቪዥኑ ጠፋ። "እማዬ ነግራኛለች። የመጀመሪያ ልጄን ስወልድ" አለችኝ። "ባለቤቴም ያውቃል። ልጆቹን በየዓመቱ ነው የማስመረምራቸው። መካከለኛው ልጄ ላይ ጀምሮት ነበር። በጊዜ ተገኘና በጠብታ ይኸው ደህና ነው። ምነው፣ ምን ሆነሻል?"

ሐኪም ቤት እንደነበርኩ ነገርኳት። የቀኙን፣ የግራውን፣ አይመለስም የተባለውን። እህቴ ማልቀስ ጀመረች። እማዬ የነገረችሽ መስሎኝ ነበር አለች። እናቴ ከጎኔ፣ እሷ የነገረችሽ መስሎኝ ነበር አለች።

"ለምን አልነገራችሁኝም?" ብዬ ጮህኩ። እናቴ ደንግጣ ከወንበሯ ተነሳች፤ አንሶላው ሲሚንቶው ላይ ወደቀ።

"ሞክረን ነበር እኮ" አለች እህቴ እያለቀሰች። "እኔ ስንት ጊዜ ሞከርኩ። አባባ ራሱ ከመሞቱ በፊት ሊነግርሽ ፈልጎ ነበር። ስለዚያች ቅዳሜ አንድ ሰው አፉን በከፈተ ቁጥር ተነስተሽ ትወጪ ነበር።"

እውነቷን ነው። እወጣ ነበር።